ስም፣ ቀን፣ ቦታ፦ ስለ ፕሮፌሰር መስፍን ለቀረበው ክስ ምላሽ

ሰሞኑን የሰብአዊ መብት ተሟጋች ስለነበሩት ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያም የተጻፈ አንድ ረጅም ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ነበር። ለእኔ የደረሰኝ አራት ኪሎ፣ ጠዋት ጠዋት ማኪያቶ የምጠጣበት ካፌ ተቀምጬ ሳለ ነው። የላከችልኝ ጓደኛዬ «የምትወጃቸው ሰውዬ ጉድ ፈላባቸው» ብላ ጽፋበታለች። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን እስክሪብቶ ይዤ።

የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው። ፕሮፌሰሩ የመርማሪ ኮሚሽኑ ሰብሳቢ ስለነበሩ ደርግ በ1967 በረሸናቸው ስድሳዎቹ ባለሥልጣናት ላይ ፈርደዋል። በደርግ ዘመን አፋቸውን ዘግተው ኖረዋል። ሰብአዊ መብትን የፖለቲካ መወጣጫ አድርገዋል። «አማራ የለም» ብለው ለአንድ ሕዝብ መከራ በር ከፍተዋል። በ1997 ሁከት ሲመሩ ተይዘው፣ ጥፋታቸውን አምነው በይቅርታ ወጥተዋል። የአገራቸውን ታሪክም «ከሽፏል» ብለው ሰድበዋል። ስለዚህ በስማቸው ምንም ዓይነት መታሰቢያ ሊቆም አይገባም።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» በሚለው አባባል መከለል አልፈልግም። ፕሮፌሰሩ ራሳቸው የሞቱ ነገሥታትን ሲወቅሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ይወቀሱ። ግን የሚወቅስ ሰው ማን፣ መቼ፣ የት፣ ምን አደረገ ብሎ መናገር አለበት። ይህን የተማርኩት ከእሳቸው ሥራ ነው። እንዴት እንደተማርኩት ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

ከከባዱ ልጀምር።

«የስድሳዎቹ ደም በእጃቸው ነው» ይላል ጽሑፉ።

እውነት ነው፣ በ1966 የተቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን ሰብሳቢ ነበሩ። ኮሚሽኑ የወሎ ረሃብ ለምን እንደተደበቀና ባለሥልጣናቱ በሥልጣናቸው ምን እንዳደረጉ እንዲያጣራ ነው የተቋቋመው። ከአባላቱ አንዱ በረከት ሀብተ ሥላሴ ነበሩ። የኮሚሽኑ ሥራ መጠየቅ፣ ማዳመጥና መመዝገብ ነበር። የንጉሡ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ እስር ላይ ሆነው ስለ ሥራ ዘመናቸው በዝርዝር የጻፉት ቃል የተዘጋጀው ለዚሁ ኮሚሽን ነው። ዛሬ የታሪክ ተማሪ ሁሉ የሚያገላብጠው ሰነድ ሆኗል። እኔ ያንን ቃል ሳነብ የሚሰማኝ አንድ ነገር ነው። አክሊሉ የሚጽፉት የሚሰማኝ አለ ብለው ነው። ነገሩ ተጣርቶ ፍርድ ቤት ይደርሳል ብሎ የሚያስብ ሰው አጻጻፍ ነው።

ኅዳር 14 ቀን 1967 የሆነው ከዚህ ጋር አይገናኝም። ደርግ ተሰብስቦ ወሰነ። ክስ አልተነበበም። ዳኛ አልነበረም። ሰዎቹ ከታሰሩበት ወጥተው ከርቸሌ ተወሰዱ፣ ሌሊቱን ተረሸኑ። አክሊሉም አብረው ተገደሉ። ያ ግቢ ዛሬ የለም። ዓለም በቃኝ ይባል የነበረው ያ እስር ቤት ፈርሶ የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቆሞበታል።

ጸሐፊው አንድ ነገር ዘለዋል። ከሟቾቹ መካከል የንጉሡ ባለሥልጣን ያልነበሩ ወታደሮችም ነበሩ። ከደርግ ጋር በሐሳብ የተለዩ ናቸው። የደርጉ ሊቀመንበር የነበሩት ጄኔራል አማን አንዶም ደግሞ በዚያው ሌሊት ሊይዟቸው ከመጡት ጋር ሲዋጉ ቤታቸው ውስጥ ሞቱ። እነዚህን ሰዎች መርማሪ ኮሚሽኑ ምን አገናኛቸው? ኮሚሽኑ ቢፈርድባቸው ኖሮ የፍርዱ ወረቀት የት አለ? የለም። ምርመራውን ያቋረጠው ጥይቱ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ሌላ ክርክር አለ፣ እሱን አልሸሸውም። ኮሚሽኑ በሕዝብ ፊት ስማቸውን ያነሳቸው ሰዎች ለደርግ ቀላል ዒላማ ሆኑ የሚሉ አሉ። ሕዝቡ ቀድሞ ተቆጥቶባቸው ስለነበር ሲገደሉ ብዙ ሰው ዝም አለ ይላሉ። ይህ ክብደት ያለው ነገር ነው። ሥላሴ ካቴድራል ቅጥር ግቢ የስድሳዎቹን መታሰቢያ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። የሟቾቹ ልጆችና የልጅ ልጆች ኮሚሽኑን ቢጠይቁ መብታቸው ነው። መጠየቅና «ፈርደዋል» ብሎ መጻፍ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

«በደርግ ዘመን ዝም ብለዋል።»

በ1977 መስከረም አዲስ አበባ ምን እንደምትመስል የዚያን ጊዜ ሰዎች ያውቃሉ። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ይከበር ነበር። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ያለው የትግላችን ሐውልት ለዚያ በዓል ነው የቆመው። ከተማው በቀይ ጨርቅ ተሸፍኖ ሳለ ወሎና ትግራይ ሰው በረሃብ እየረገፈ ነበር። በዓሉ እንዳይበላሽ ወሬው ታፈነ።

በዚያው በፈረንጆቹ 1984 ፕሮፌሰሩ የኢትዮጵያ ገበሬ ለረሃብ ለምን እንደሚጋለጥ ያጠኑበት መጽሐፍ ታተመ። ከ1958 እስከ 1977 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያለውን 20 ዓመት የሚሸፍን ነው። ነገሩ በቀላሉ ሲነገር እንዲህ ነው። ድርቅና ረሃብ አንድ አይደሉም። ድርቅ የሰማይ ነው። ገበሬው ግን ቀድሞውኑ አፋፍ ላይ ነው ያለው። ካመረተው ላይ የመሬት ባለቤቱ ይወስዳል፣ ነጋዴው ይወስዳል፣ መንግሥት ይወስዳል። ለክፉ ቀን የሚያስቀምጠው አይተርፈውም። ስለዚህ አንድ ክረምት ዝናቡ ሲያንስ ይወድቃል። ያራበው ዝናቡ ብቻ አይደለም፤ የያዘው ሥርዓት ነው። ይህንን የጻፉት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እያስተማሩ፣ በዚያ መንግሥት ሥር እየኖሩ ነው። ረሃቡን ሁሉ በድርቅ ለሚያመካኝ መንግሥት ከዚህ በላይ የሚያም መልስ አላውቅም።

እርግጥ ነው፣ በቀይ ሽብር ዘመን አደባባይ ወጥተው አልጮኹም። ጠመንጃም አላነሱም። ለዚህ መወቀስ ካለባቸው ግን አብረዋቸው የሚወቀሱት ብዙ ሺህ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። «ሰብአዊ መብትን መወጣጫ አደረጉት» ወደሚለው።

የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ፣ ሁላችንም ኢሰመጉ የምንለው፣ በመስከረም 1984 ተመሠረተ። መሥራቾቹ 32 ሰዎች ነበሩ። ደርግ ከወደቀ ገና አምስት ወር አልሞላም። ፕሮፌሰሩ ስልሳ ዓመት አልፏቸዋል። በዚያ ዕድሜ ሌላው ሰው ጡረታውን እየቆጠረ አረፍ ይላል።

ስለ ኢሰመጉ የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም። በዘጠናዎቹ መጀመሪያ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። የጎረቤታችን ልጅ አንድ ቀን ማታ ከቤት ተወሰደ። እናቱ ማንበብ አይችሉም፤ እኔን «ልጄ፣ ነይ ተከተይኝ» አሉኝ። ሦስት ቀን ስንዞር ሰነበትን። በሄድንበት ሁሉ «እዚህ የለም» ይሉናል። አንዳንዱ ስሙን እንኳ ሳይጠይቅ ነው የሚመልሰን። በአራተኛው ቀን አንድ ሰው ወደ ኢሰመጉ ቢሮ ላከን።

አንድ ወጣት ወረቀት አውጥቶ ተቀመጠ። ሙሉ ስም ብሎ ጠየቀ። የአባት ስም፣ የአያት ስም። ዕድሜ። ቀበሌ። የቤት ቁጥር። የተወሰደበት ቀን፣ ሰዓቱ። የወሰዱት ሰዎች ምን ለብሰው ነበር? መኪናው ምን ዓይነት ነው? እናትየው እየመለሱ እያለቀሱ ነው። ሰውየው እስኪረጋጉ ይጠብቃል፣ ከዚያ ይቀጥላል። ሲጨርስ የጻፈውን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበላቸው። «ትክክል ነው እማማ?» አላቸው። ስንወጣ እናትየው ያሉኝን አልረሳውም። «ስሙን ጻፉት» አሉኝ። ልጃቸው ከወራት በኋላ ተፈታ። ኢሰመጉ ያስፈታው ነው ማለቴ አይደለም። እኔ የያዝኩት ያንን ወረቀት ነው።

የኢሰመጉ መግለጫዎች የሚዘጋጁት በዚህ ዓይነት ነው። ማን ተገደለ፣ ማን ታሰረ፣ ማን የደረሰበት ጠፋ፣ በስም፣ በቀን፣ በቦታ። መግለጫው ቁጥር አለው፤ የድርጅቱ ስም አለበት። በሹክሹክታ ወሬ በሚኖርባት ከተማ ይህ ትልቅ ለውጥ ነበር። ስምህን አስፍረህ መናገር ይቻላል ማለት ነው።

ዋጋውም ቀላል አልነበረም። ለዓመታት ምዝገባ ተከለከለ። የባንክ ሂሳቡ ታገደ። የሥራ አስፈጻሚው አባልና የመምህራን ማኅበር አመራር የነበሩት አቶ አሰፋ ማሩ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄዱ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። በ1993 ሚያዝያ የስድስት ኪሎ ተማሪዎች የታጠቀ ፖሊስ ከግቢ ይውጣ፣ ማኅበራችን ነጻ ይሁን ብለው ሲነሱ ከተማው ታመሰ። ሰው ሞተ። ብዙ ተማሪ ታፍሶ ሰንዳፋ ተወሰደ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ፕሮፌሰሩና ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ስለ ትምህርት ነጻነት ለተማሪዎች ተናግረው ነበር። «ተማሪ አነሳስታችኋል» ተብለው ለአንድ ወር ገደማ ታሰሩ። ፕሮፌሰሩ ያኔ 71 ዓመታቸው ነው።

መወጣጫ የሚባለው ወዴት የሚያወጣ ነው? ሹመት አላገኙበትም። ቤት አልሠሩበትም።

ደግሞ ጉባኤው የቆመው ለአንድ ወገን አልነበረም። በ1994 ሐዋሳ አጠገብ ሎቄ ላይ ሰልፍ የወጡ የሲዳማ ሰዎች ሲገደሉ ዘግቧል። በ1996 ጋምቤላ ውስጥ አኙዋኮች ሲጨፈጨፉ የሟቾችን ስም ዘርዝሮ አውጥቷል። ጸሐፊው እነዚህን መግለጫዎች አንድም ቦታ አይጠቅሱም። ቢያነቧቸው ኖሮ ጽሑፋቸው ሌላ መልክ ይኖረው ነበር ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ላይ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ፕሮፌሰሩ በ1997 ምርጫ ዋዜማ ቀስተ ደመና የተባለውን ፓርቲ መሥርተው ወደ ተቃዋሚዎቹ ጥምረት፣ ወደ ቅንጅት፣ ሲገቡ ኢሰመጉን ጎድተውታል። ለዓመታት «ይህ ድርጅት የተቃዋሚ ክንፍ ነው» ሲል ለነበረ ሁሉ አፉን የሚከፍትበት ምክንያት ሰጡት። አንድ ሰው የመብት ድርጅት መልክ ሆኖ ከቆየ በኋላ ወደ ፓርቲ ሲሻገር፣ ድርጅቱ ውስጥ የቀሩት ሰዎች ዕዳውን ይከፍላሉ። ከፍለዋልም። በ2001 የወጣው የበጎ አድራጎት ሕግ በመብት ላይ የሚሠራ ድርጅት ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ እንዳያገኝ አገደ። የኢሰመጉ ገንዘብ ታገደ፣ ቅርንጫፍ ቢሮዎቹ አብዛኞቹ ተዘጉ። ያም ሆኖ አልሞተም። መሥራቹ ከሄዱ በኋላ ያን ሁሉ ተሸክሞ የቆመ ድርጅት የአንድ ሰው መሰላል ነበር ማለት፣ በዚያ ቢሮ ያለ ደመወዝ የከረሙትን ሰዎች መርሳት ነው።

«አማራ የለም ብለው ለመከራ በር ከፈቱ።»

ይህ ለእኔም ከባድ ነው። የተባለው ተብሏል። በ1983 ከአቶ መለስ ዜናዊ ጋር በቴሌቪዥን ሲከራከሩ አማራ የሚባል ብሔረሰብ የለም አሉ። ክርክራቸው ሰው ራሱን ጎጃሜ፣ ጎንደሬ፣ መንዜ፣ ወሎዬ ብሎ ነው የሚጠራው የሚል ነበር። አቶ መለስ ደግሞ አለ ብለው ተከራከሩ።

ፕሮፌሰሩ ተሳስተዋል ብዬ አምናለሁ። ሰው ራሱን የሚጠራበትን ስም ምሁር ሊሰርዝለት አይችልም። የቃሉን የድሮ ትርጉም ማስረዳት ሌላ ነው፤ በዚያ ስም ተለይቶ የተገፋን ሰው «የለህም» ማለት ሌላ። እኔ የማውቃቸው፣ በዚያ ንግግር እስከ ዛሬ ልባቸው የቆሰለ ሰዎች አሉ፤ አልፈርድባቸውም። ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ በ1984 የመላው አማራ ሕዝብ ድርጅትን (መዐሕድን) ሲመሠርቱ ለዚህ ሐሳብ መልስ የሰጡት በተግባር ነው። ሁለቱም ፕሮፌሰሮች፣ ሁለቱም እስረኞች፣ በዚህ ጉዳይ ግን የተለያዩ። ጸሐፊው ይህን ብቻ ቢሉ ኖሮ ምላሽ አልጽፍም ነበር።

በር ከፈቱ የሚለው ግን አይያያዝም። ፕሮፌሰሩ የተከራከሩት ፖለቲካው በብሔር እንዳይደራጅ ነው። በክርክሩ ተሸነፉ። አገሪቱ የተከለለችው እሳቸው አይሁን ባሉት መንገድ ነው። ያልተሰማ ሰው ለተደረገው ነገር እንዴት ተጠያቂ ይሆናል? በ1984 አርባ ጉጉና በደኖ ላይ ሰዎች አማራ ናችሁ ተብለው ሲገደሉም ነገሩን ከመዘገቡት አንዱ ያው ኢሰመጉ ነው። በቃል «የለም» ያሉት ሰው የሚመሩት ድርጅት፣ በዚያ ስም የተገደሉትን ጻፈ። ይህን ተቃርኖ ብትሉት እቀበላለሁ። ክህደት ግን አይደለም።

«በ1997 ሁከት ሲመሩ ተያዙ፤ ጥፋታቸውን አምነው ወጡ።»

የተያዙት በ1997 አይደለም። ጥቅምት 22 ቀን 1998 ነው። የ75 ዓመት ሰው ነበሩ፣ ጤናቸውም የተጓደለ። ከቅንጅት መሪዎች፣ ከጋዜጠኞችና ከሲቪክ ማኅበራት ሰዎች ጋር ታሰሩ፣ ቃሊቲ ገቡ። ዐቃቤ ሕግ የሞት ቅጣት ጠየቀ። ሐምሌ 9 ቀን 1999 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደ። በአራተኛው ቀን በይቅርታ ተፈቱ።

ስለ ሁከቱ ደግሞ ማንን እንጠይቅ? ፓርላማው ራሱ አጣሪ ኮሚሽን አቋቁሞ ነበር። የኮሚሽኑ ሰብሳቢ ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤልና ምክትላቸው ዳኛ ወልደሚካኤል መሸሻ ያገኙትን ይዘው ከአገር ወጡ። ያገኙት 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን፣ የተወሰደውም እርምጃ ከመጠን ያለፈ መሆኑን ነው። ጸሐፊው በ1966ቱ መርማሪ ኮሚሽን ላይ ይህን ያህል ገጽ ጽፈው፣ ስለ ሁለተኛው ኮሚሽን አንድ መስመር አለመጻፋቸው አሳዝኖኛል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ፣ በየሰፈራቸው የወደቁ ልጆች ናቸው።

የይቅርታውን ደብዳቤ ፈርመዋል፣ አዎ። አብረዋቸው የተፈረደባቸው የቅንጅት መሪዎችም ፈርመዋል። ሽማግሌዎች መሐል ገብተው ነው። የዕድሜ ልክ ፍርድ ላይ ያለ የ77 ዓመት ሰው ለመውጣት የፈረመውን ወረቀት የህሊና ኑዛዜ አድርጎ ማቅረብ ልክ አይመስለኝም። ደግሞ ከወጡ በኋላ ምን አደረጉ? ቤታቸው ገብተው አልተቀመጡም። አንድነት ለዴሞክራሲና ለፍትሕ ፓርቲን ካቋቋሙት አንዱ ሆኑ። በታኅሣሥ 2001 የፓርቲው ሊቀመንበር ብርቱካን ሚደቅሳ ስለዚያው ይቅርታ በተናገረችው ሰበብ ስትያዝ አብረዋት ነበሩ፤ በሰደፍ ተመቱ። በ78 ዓመታቸው።

ስለ ታሪኩ ብዙ አልልም። በ2005 ያወጡት መጽሐፍ ርዕስ ላይ «መክሸፍ» የሚለው ቃል ብዙ ሰው አስቆጥቷል። የታሪክ ምሁራንም በርትተው ተከራክረውታል፤ አንዳንዱ ትችት እኔንም አሳምኖኛል። መጽሐፉ ግን የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። ይህን ያህል ዕድሜ ያለው አገር የጀመረውን ለምን አይጨርስም? ልጇ ፈተና የወደቀባት እናት «ለምን?» ብትል ልጇን ሰደበች አይባልም።

አንድ ሐረግ ግን ሳልነካው አላልፍም። ጸሐፊው «በክብር ዘመናቸውን ጨረሱ፣ ምን ጎደለባቸው?» ይላሉ። ፕሮፌሰሩ ሚያዝያ 1922 አዲስ አበባ ተወለዱ። ሕንድና አሜሪካ ተምረው ተመለሱ። ሦስት መንግሥት ወደቀ፣ ስንቱ ባልደረባቸው ወጥቶ ቀረ። እሳቸው መስከረም 19 ቀን 2013 በኮሮና ሕመም ያረፉት እዚሁ ከተማ ነው። በዘጠና ዓመታቸው። ምን እንደጎደለባቸው በቃሊቲ ያሳለፉትን ሃያ ወር ቆጥሮ ማየት ይቻላል።

ለጸሐፊው ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ የተያዙበት ዓመት ይታረም፤ ጥቅምት 22 ቀን 1998 ነው። ሁለተኛ፣ መርማሪ ኮሚሽኑ በስድሳዎቹ ላይ «ፈርዷል» ያሉበትን ሰነድ ያውጡልን። ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ የፈረሙትን ሰዎች ስም። ካወጡት አነብበዋለሁ፣ ተሳስቼ ከሆነም ይህን ጽሑፍ በስሜ አርሜ መልሼ አወጣዋለሁ። ከሌላቸው ቃሉን ያንሱት።